የወለል ነገር በሲሪንቃ

ቤት የሚሠራ ሰው ስለ መሠረቱ ከግንበኛ ጋር ይማከራል፤ ስለ ቆርቆሮው ውፍረት ከነጋዴ ጋር ይከራከራል፤ ስለ በሩ ቀለም ከሚስቱ ጋር ይኳረፋል፤ ስለ ወለሉ ግን ማሰብ የሚጀምረው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። በዚህም ምክንያት ወለል፣ ማለትም ሰው በቤቱ ውስጥ የሚቆምበት፣ የሚቀመጥበትና ብዙ ጊዜም የሚተኛበት የታችኛው ገጽ፣ ከቤቱ ክፍሎች ሁሉ ብዙ የሚያገለግልና ጥቂት የሚታሰብለት ሆኖ ኖሯል። ጣሪያን የሚነካው ዝናብና ፀሐይ ብቻ ነው፤ ግድግዳም ቢሆን የሚደገፉት አልፎ አልፎ ነው፤ ወለል ግን የሰውን እግር፣ የበግን ሰኮና፣ የዶሮን ጥፍር፣ የቡናን አተላ፣ የከሰልን ፍምና የሙቀጫን ምት ሳይመርጥ ይቀበላል፤ ለዚህ ሁሉ አገልግሎቱ የሚከፈለው ግን መጥረጊያ ነው።

ወለል በመጨረሻ መሠራቱ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ የሥራው ቅደም ተከተል ያስገድዳልና። ሲሪንቃ በምትገኝበት በሰሜን ወሎ ያሉት 11ዱ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከላይ ወደ ታች እየተፈለፈሉ የተሠሩ እንደመሆናቸው ወለላቸው የተገኘው ጣሪያው፣ መስኮቱና ዐምዱ ቅርጽ ከያዙ በኋላ ነው። ልዩነቱ የላሊበላ ጠራቢዎች ወለሉ ላይ ሲደርሱ «ለጊዜው እንዲሁ ይሁንና ገንዘብ ሲገኝ እንመለስበታለን» አለማለታቸው ነው። ዛሬ ግን «ለጊዜው» ተብሎ የተተወ ወለል፣ ልጆች ተወልደው፣ አድገውና ተድረው እስኪወጡ ድረስ ለጊዜው ሲያገለግል ይኖራል።

ይህን ጉዳይ በቅርብ ለመመርመር ሲሪንቃ የተመቸች ስፍራ ናት። ይህች በሀብሩ ወረዳ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በመርሳና በወልድያ መካከል የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 1850 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ወይና ደጋ ስትሆን፣ ስሟ በሰፊው የሚጠራው በአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ባለው የግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው። ማዕከሉ ማሽላ ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋምበትን መንገድ ሲያጠና የኖረ ሲሆን፣ የሳሎን ወለል የሥራ ድርሻው ስላልሆነ ይህ የጥናት መስክ በቡና ጠጪዎች እጅ ቀርቷል፤ እነርሱም የአንዱን ጎረቤት ወለል ከሌላው እያነጻጸሩ የምርምር ውጤታቸውን ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ያቀርባሉ።

ወለል የባለቤቱን ኑሮ ከአንደበቱ ቀድሞ እንደሚናገር መንግሥትም አልጠፋውም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መረጃ ሰብሳቢው ውሃ ከየት እንደሚቀዳ፣ መጸዳጃው ምን ዓይነት እንደሆነ ባለቤቱን ይጠይቃል፤ ወለሉ ከምን እንደተሠራ ግን እንዲጠይቅ ሳይሆን በዓይኑ አይቶ እንዲመዘግብ ይታዘዛል። ከዚያም አፈር፣ እበት፣ ጣውላ፣ ሲሚንቶ፣ ሴራሚክ ወይም ምንጣፍ ተብሎ የተጻፈው ምልከታ ከሬዲዮው፣ ከስልኩና ከከብቱ ጋር ተደምሮ የቤተሰቡን የሀብት ደረጃ ለማውጣት ያገለግላል። የሲሪንቃ ጎረቤት ይህንኑ ስሌት ያለ መጠይቅና ያለ ውሎ አበል፣ ገና ከደጃፍ «እንዴት አደራችሁ» ሲል ሠርቶ ይጨርሰዋል።

ከወለሎች ሁሉ አንጋፋው በእበት የሚለቀለቀው የአፈር ወለል ነው። መለቅለቅ ማለት ትኩስ የከብት እበትን በውሃ አላልቶ፣ አንዳንዴም አመድ ወይም ደቃቅ ጭድ ጨምሮ፣ በተደለደለና በተረገጠ አፈር ላይ በመዳፍ በስሱ ማልበስ ነው። ሥራው ብልሃት እንደሚጠይቅ ለመረዳት የለመዱ እናት ሲለቀልቁ ማየት ይበቃል፤ ከጓዳው ጥግ ይነሣሉ፣ ቀኝ እጃቸውን በግማሽ ክብ እያዞሩ አንዱን ቅስት በሌላው ጫፍ ላይ ያሳርፋሉ፣ ጎንበስ እንዳሉም ወደ በሩ ያፈገፍጋሉ፤ ሲደርቅ አምስቱ ጣቶች ያለፉበት ስስ መስመር በወለሉ ላይ ይቀራል። ከበሩ ጀምራ ወደ ጓዳ የዘለቀች አዲስ ሙሽራ ብትኖር እስኪደርቅ ድረስ በገዛ ቤቷ ታስራ ትውላለች፤ አማቷም ጉዳዩን እስከ ክርስትና ድግስ ድረስ አትረሳውም።

እበት እንዲህ ያለ ማዕረግ ያገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። ከብቱ ያላደቀቀው የሣርና የገለባ ጭረት በውስጡ ስላለ አፈሩን እርስ በርስ ያያይዘዋል፣ አቧራውን ያስቀምጠዋል፣ ትንንሹን ስንጥቅም ይደፍነዋል። የሀብሩ ገበሬ ይህን የሚያውቀው ከቤቱ ይልቅ ከአውድማው ነው፤ አውድማ ማለት ሰብል በከብት የሚወቃበት የተስተካከለ መሬት ሲሆን፣ ጤፍ ከመጫኑ በፊት ሣሩ ተመንጥሮ፣ በውሃ ርሶ፣ ተረግጦና በእበት ተለቅልቆ እንዲደርቅ ይደረጋል፤ በስንጥቅ ውስጥ የገባ የጤፍ ፍሬ እንደ ጠፋ ይቆጠራልና። ገበሬው በዓመት አንድ ጊዜ ለሚያርፍበት ጤፍ ይህን ያህል ተጨንቆ፣ ዓመቱን ሙሉ ለሚያድሩበት ልጆች የተወሰነውን ብቻ ማድረጉ ግን የኢኮኖሚ ሊቃውንት ሊያብራሩት የሚገባ ነገር ነው።

የአፈር ወለል ጥሩ ጠባዮች አሉት። ከብቱ ደጅ ላለ ሰው ወጪ የለውም፤ ሲቆፈር ይደፈናል፣ ሲያረጅ ይታደሳል፤ ሙቀጫ ቢቀመጥበት ምቱን ውጦ ዝም ይላል፤ ከግድግዳው ሥር ወደ ላይ ተቀጥሎ መደብ ሲሆንም፣ መደብ ማለት ከድንጋይና ከጭቃ የሚሠራ ከፍ ያለ መቀመጫና መኝታ ነው፣ አንዱ ወለል ሶፋም አልጋም ሆኖ ያገለግላል። ጉድለቱ ደግሞ ጊዜ መብላቱ ነው፤ የሚታደሰው በሴቶች ጉልበት ስለሆነ ወጪ የለውም የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ለቅልቀው የማያውቁት አባወራዎች ናቸው። በክረምት እርጥበት ከሥር ይስባል፣ በበጋም አቧራ ያነሣል፤ ከሁሉም በላይ ቁንጫንና ሙጀሌን ያለ ኪራይ ያሳድራል።

ሙጀሌ በእግር ጣት ሥር ገብታ በቆዳ ውስጥ እንቁላሏን የምታሳድግ ደቃቅ ተባይ ስትሆን፣ ዕድገቷን የምትጨርሰው በደረቅና በላላ አፈር ውስጥ ነው። አገሯ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ወደ አፍሪካ በብዛት የገባችው እ.ኤ.አ. በ1872 ከብራዚል ተነሥታ አንጎላ በደረሰች መርከብ እንደሆነ ይነገራል፤ ከዚያ ወዲያ አህጉሩን ያዳረሰችው በሰው እግር ነው። ይህች ተባይ እንጀራ የምትለምነው ከላላ አፈር ስለሆነ፣ ሲሚንቶ የለበሰ ቤት ሲገጥማት መሰደድ ግድ ይሆንባታል።

እዚህ ላይ የሜክሲኮ መንግሥት ያደረገው ነገር ይጠቀሳል። «ፒሶ ፊርሜ»፣ ማለትም «ጽኑ ወለል»፣ የተባለው መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2000 በኮዋዊላ ግዛት ተጀምሮ ለድሆች ቤት እስከ 50 ካሬ ሜትር የሚበቃ የሲሚንቶ ወለል በነጻ ሰጠ። ጉዳዩን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2009 ጥናታቸውን ያሳተሙ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች የቤቱ አፈር ወለል ሙሉ በሙሉ በሲሚንቶ ሲለወጥ በልጆች ላይ የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ በ78 በመቶ፣ ተቅማጥ በ49 በመቶ፣ የደም ማነስም በ81 በመቶ መቀነሱን፣ እናቶቹም በቤታቸውና በኑሯቸው ይበልጥ መደሰታቸውን ገለጹ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ለሲሪንቃም ይሠራል፤ ያንን ሁሉ ለውጥ ያመጣው ተራ ሲሚንቶ እንጂ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ አልነበረም።

ሲሚንቶ ለማፍሰስ የቸኮለ የሲሪንቃ ሰው ግን አስቀድሞ ሊያማክረው የሚገባ አንድ ሽማግሌ አለ፤ እርሱም አፈሩ ነው። በአካባቢው ማሳዎች የሚገኘው ጥቁር ሸክላማ አፈር፣ ገበሬው መረሬ ወይም ዋልካ የሚለው፣ በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሸፍን ይገመታል። የዚህ አፈር ጠባይ ውሃ ሲጠጣ ማበጥ፣ ሲደርቅ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ መሰንጠቅ ነው። ሲሪንቃ በበልግም በክረምትም ዝናብ ስለምታገኝ አፈሩ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠጣል፣ ሁለት ጊዜም ይጠማል፤ በላዩ ላይ የተቀመጠው ወለልም ይነሣና ይወድቃል። አፈሩ ከላይ የተነጠፈው የውጭ አገር ሴራሚክ ይሁን ያገር ውስጥ ምንም አይገደውም፤ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንደሚባለው፣ ሲሠራ የተደበቀውን ሁሉ በመጀመሪያው ክረምት ያወጣዋል።

ለዚህ ችግር መድኃኒቱ ድልዳል ነው፤ ድልዳል ማለት ከወለሉ ሥር የሚገባው የተጠቀጠቀ ሙሌት ነው። በአገራችን የግንባታ ሥራ ዝርዝሮች እንደ ወትሮ የሚጻፈው የላይኛው አፈር 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ተጠርጎ እንዲወጣ፣ ገረጋንቲ ወይም ሌላ የማያብጥ ሙሌት ገብቶ እንዲጠቀጠቅ፣ በላዩም 25 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጥቁር ድንጋይ ተደርድሮ በጠጠር እንዲሞላ፣ ከዚያ 10 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት እንዲፈስስበት ነው። መረሬው ጥልቅ በሆነበት ቦታ 20 ሴንቲ ሜትር ማንሣት ስለማይበቃ፣ አፈሩን አብዝቶ ማውጣት ያስፈልጋል። ይህ በወረቀት ላይ ነው። በተግባር ግን ብዙ ባለቤቶች ሙሌቱን የግቢ ማጽጃ ያደርጉታል፤ የፈረሰው ግድግዳ ጭቃ፣ የተሰበረው ጀበና፣ የገለባ ክምር ቅሪትና ጓደኛው የጠፋበት ጫማ በአንድነት ይቀበሩና ላያቸው በሲሚንቶ ይሸፈናል። ላዩ አምሮ ውስጡ ለቄስ የተተወ ወለል እንግዲህ ይህ ነው፤ ገለባው ሲበሰብስ ሥሩ ባዶ ይቀራል፣ ወለሉም ሲረግጡት ከበሮ ይመታል።

የጥንት ሰዎች ይህን ነገር ያቃልሉት እንዳልነበረ ላሊበላ ካለችበት ከላስታ መማር ይቻላል። በዋሻ ውስጥ የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ያረፈበት ቦታ ውሃ ያዘለ ረግረግ እንደነበርና በእንጨት፣ በሣርና በአፈር ተደልድሎ እንደተሠራበት በአካባቢው ይተረካል። ትረካው ለአድናቆት ቢነገርም በግንበኛ ጆሮ ሲሰማ ቁም ነገሩ ቀላል ነው፤ ከታች ያለውን ውሃ ሳያውቁ ወለል አይነጠፍም።

ድልዳሉ የተሟላለት ቤት ቀጥሎ የሚያገኘው ሊሾ ነው። ሊሾ በግንበኞች አነጋገር የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ በኮንክሪቱ ላይ በስሱ ፈስሶ፣ ደቃቅ ሲሚንቶ ተነስንሶበት በብረት መለሰኛ እስኪያብለጨልጭ የሚታሸው ወለል ነው፤ የፈለገ ቀይ ወይም አረንጓዴ ቀለም ያስገባበታል፣ ሰም ይቀባዋል። ሊሾ ድሃና ሀብታም የማይለይ ወለል ነው፤ በትምህርት ቤት፣ በጤና ጣቢያና በባለ ሱቅ ቤት አንድ ዓይነት መልክ አለው። ጠላቱ ችኮላ ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ከውሃ ጋር በሚያደርገው ውሕደት ስለሆነ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ እየጠጣ መቆየት አለበት፤ ጥንካሬውንም በአብዛኛው የሚያገኘው እስከ 28ኛው ቀን ድረስ ነው። ባለቤቱ ግን ግንበኛው ወጥቶ በሩን ሳይዘጋ ለማየት ይገባል፣ ልጆቹ ይከተሉታል፣ ዶሮዋም ነገሩ ምን እንደሆነ ለማጣራት ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በእርጋታ ትሻገራለች። ዶሮዋ ለፋሲካ ትታረዳለች፤ ባለ ሦስት ጣት ዱካዋ ግን በሳሎኑ መካከል ከሐውልት ባላነሰ ጽናት ይቀመጣል፣ አዲስ እንግዳ በመጣ ቁጥርም ታሪኳ ይተረካል።

ሊሾን ለመሸፈን ደግሞ የወለል ላስቲክ አለ። ይህ በጥቅል እየመጣ በሜትር የሚሸጥ፣ በላዩ የእንጨት፣ የእምነ በረድ ወይም የአበባ ሥዕል የታተመበት የፕላስቲክ ምንጣፍ ነው። ርካሽ ነው፣ በአንድ ከሰዓት ይነጠፋል፣ በጨርቅ ይወለወላል፤ በዚያ ላይ የወለሉን ስንጥቅ ብቻ ሳይሆን የዶሮዋንም ዱካ ይሸፍናል። ነገር ግን የወሎ ቤት የቡና ቤት ነው። ፕላስቲክ በተነጠፈበት ሳሎን ቡና ሲፈላ ከሰሉ ይርገበገባል፣ ዕጣን ይጨመራል፣ ከምድጃው አንዲት ፍም ትፈናጠራለች፤ ከዚያ የሚሰማው ጭስስ የሚል ድምፅና የሚታየው ጠርዙ የጠቆረ፣ አምስት ሳንቲም የሚያህል ቀዳዳ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ረከቦቱ የሚቀመጥበት ቦታ በቤተሰቡ ልማድ ሳይሆን በቀዳዳው ይወሰናል፤ ቀዳዳው ሲበዛም ሁለተኛ ላስቲክ ከላይ ይነጠፋል፣ ከዓመታት በኋላም ቤቱ ሳይታወቅ ጥቂት ሚሊ ሜትር ያድጋል። ከሥሩ እርጥበት ያለበት እንደሆነ ደግሞ ላስቲኩ ውሃውን አፍኖ ያሻግታል፤ እርጥበት መኖሩን ለማወቅ ግን አንድ ሜትር ካሬ ያህል ስስ ላስቲክ አራቱን ጠርዝ በፕላስተር አጣብቆ ለአንድ ቀንና ሌሊት ትቶ፣ ሲገለጥ ጤዛ መያዙን ማየት ይበቃል።

በሲሪንቃ የዘመኑ ንጉሥ ግን ሴራሚክ ነው። ሴራሚክ ከሸክላ አፈር ተቀርጾ በከፍተኛ ሙቀት የተተኮሰና አብዛኛውን ጊዜ በሚያብረቀርቅ ቅብ የተለበጠ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ሲሆን፣ የሚመረጠው በብዙ ቤት ከሲሪንቃ ውጭ ነው። ከሀብሩ ወጥተው በሳዑዲ ዓረቢያ የሚሠሩ ልጆች ለቤተሰብ ቤት ማሠሪያ ገንዘብ መላካቸው የተለመደ ስለሆነ፣ ጅዳ ያለችው እህት በኢሞ እየደወለች መደብሩን ሁሉ ታስዞራለች፤ «ይሄኛው በጣም ያብረቀርቃል፣ እሱን ውሰዱ» ትላለች፤ አባት «እንደው ልጄ፣ አያንሸራትትም?» ሲሉ ኔትወርኩ ይቋረጣል። ኔትወርኩ ሲመለስ ሴራሚኩ ተጭኗል።

አባት መጠየቃቸው ትክክል ነበር። የሚያብረቀርቅ ቅብ ያለው ሴራሚክ ውሃ ሲነካው እግር አይዝም፤ በዓል ሲሆን ደግሞ ለምለም ቄጠማ ይጎዘጎዝበታል። ቄጠማ በአፈር ወለል ላይ ሲነጠፍ ከአፈሩ ጋር ይያዛል፤ እርጥብ ቄጠማ በሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ላይ ሲነጠፍ ግን እግር የጫነበትን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ትሪ ተሸክማ ከጓዳ የወጣች ወጣት ወደ ሳሎን የምትደርሰው ካሰበችው ፍጥነት በላይ ይሆንና እንግዳው ወጡን በጭልፋ ሳይሆን በነጠላው ይቀበላል። ለዚህ መፍትሔው ቄጠማውን መተው ሳይሆን ፊቱ ሻከር ያለና የማያብረቀርቅ ሴራሚክ መምረጥ ነው፤ በመደብሩ ውስጥም ቁራጩን ውሃ አፍስሶ በመዳፍ መፈተሽ ከኢሞ ምስል ይልቅ ይታመናል።

ሴራሚክ ሌሎች ሦስት ጠባዮችም አሉት። አንደኛው ጠንካራ ሆኖ ተሰባሪ መሆኑ ነው፤ የወሎ ቡና በሙቀጫና በዘነዘና የሚወቀጥ እስከሆነ ድረስ፣ ሥሩ ማልታ ያላገኘ፣ ማለትም የማያያዣው የሲሚንቶ ድብልቅ በሙሉ ያልተዳረሰው ሴራሚክ፣ በሦስተኛው ሳምንት ከጥግ እስከ ጥግ ይሰነጠቃል። በሳንቲም ሲቆረቁሩት ጥቅጥቅ ያለ ድምፅ የሚሰጥ ሥሩ የሞላ፣ ቋ የሚል ግን ባዶ ስለሆነ፣ ባለቤቱ ለግንበኛው የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠቱ በፊት አንድ ሳንቲም ይዞ ቤቱን ቢዞር ከብዙ ወጪ ይድናል። ሁለተኛው ቅዝቃዜው ነው፤ ሴራሚክ ከአየሩ የበለጠ የቀዘቀዘ ሳይሆን የእግርን ሙቀት ቶሎ የሚወስድ ስለሆነ ነው የሚቀዘቅዘው፤ አጎዛ የሚሞቀው ደግሞ በጠጉሩ መካከል አየር አፍኖ ስለሚይዝ ነው። ስለዚህ በብዙ ብር የተገዛው ሴራሚክ በመጨረሻ በሰሌን፣ በስጋጃና በአጎዛ ይሸፈናል፤ የሚታየውም በአልጋው ሥር ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛው ማኅበራዊ ነው። የአፈር ወለል እንግዳን ከነጫማው ይቀበላል፤ ሴራሚክ ግን በተለይ ጥቁሩ የሲሪንቃ ጭቃ ጫማ ላይ በሚጣበቅበት ክረምት፣ ጫማውን በር ላይ ያስወልቃል። በዚህም የተነሣ ለዘመናት በጫማ ውስጥ ተሰውሮ የኖረው የካልሲ ጉዳይ ይፋ ይወጣል። ለሽምግልና የመጡ የተከበሩ አዛውንት አውራ ጣታቸው ካልሲውን ቀዶ ወጥቶ ሲታይ፣ ስለ ጥሎሹ የጀመሩትን ከባድ ንግግር በሙሉ ክብር ለመጨረስ ይቸገራሉ፤ የሙሽሪት ወላጆችም በዚህ የተነሣ በድርድሩ የበላይነት ያገኛሉ።

የቀሩትን ወለሎች በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ቴራዞ፣ ማለትም የእምነ በረድ ፍርፋሪ ከሲሚንቶ ጋር ተደባልቆ የሚሠራውና በማሽን የሚታሸው ወለል፣ ብዙ እግር የሚመላለስበት መሥሪያ ቤት ቢሆን ለአሥርት ዓመታት ያገለግላል፤ ዛሬ ግን ለግለሰብ ቤት የሚያሠራው ጥቂት ነው። እምነ በረድ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ እየተፈለጠ ሲመጣ ውብ ነው፤ ነገር ግን ሎሚና ኮምጣጤ ፊቱን ስለሚበሉት ሰላጣ የሚያዘጋጅበትን ሰው ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጣውላና ፓርኬ፣ ፓርኬ ማለት በትንንሽ የተቆረጠ ጠንካራ እንጨት በሥርዓት ተደርድሮ የሚሠራ ወለል ነው፣ የአዲስ አበባን የድሮ ቪላዎች አሞቀው አኑረዋል፤ ምስጥ ባለበት አገር ግን ባለቤቱ ወለሉን የሚነጥፈው ለምስጡ ነው።

ገንዘብ ለሌለውና ሲሚንቶ ለተወደደበት ሰው ሌላ ተስፋም አለ። በሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ የተስፋፋ አንድ አሠራር አፈርን፣ አሸዋንና ጠጠርን በመጠን ደባልቆ ከጠቀጠቀ በኋላ ላዩን ከአትክልት በተዘጋጀ፣ ሲደርቅ በሚጠነክር ዘይት ይቀባዋል፤ ወለሉም ይወለወላል፣ አቧራም አያነሣም። እንዲህ ሲደርቅ ከሚጠነክሩ ዘይቶች ዋነኛው ደግሞ የተልባ ዘይት ነው፤ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ሊኖሊየም የተባለውን የወለል ምንጣፍ የሠሩት ከዚሁ ዘይት ነበር። ወሎ ተልባን ሲያበቅል፣ ሲቆላ፣ ሲወቅጥና በጾም ሲጠጣ ኖሯል፤ ከሆድ ወደ ወለል ማሸጋገሩ ግን ገና አልተለመደም፤ የሚሞክረው ቢገኝ ሊያሳምናቸው የሚገባው በመጀመሪያ ጾመኞችን ይሆናል።

እንግዲህ ወለል የሚመረጠው በሦስት ጥያቄ ነው፤ ከሥሩ ምን አለ፣ በላዩ ምን ይወድቃል፣ የሚያጸዳውስ ማን ነው። በሲሪንቃ ከሥሩ የሚያብጥ አፈር ስላለ ግማሹ ገንዘብ ማንም በማያየው ድልዳልና ውሃን ከቤቱ በሚያርቅ የደጅ ቦይ ላይ ቢውል አይባክንም። በላዩ ፍም፣ ዘነዘናና ጭቃ ስለሚወድቅ በሚገባ የታሸና ውሃ የጠገበ ሊሾ ከነሰሌኑና ከነአጎዛው ለሳሎን ይበቃል፤ ሻካራ ሴራሚክ ለማድቤትና ለመታጠቢያ ይቅደም፤ ላስቲክ ከከሰል ራቅ ብሎ በመኝታ ክፍል ይነጠፍ። የሚያጸዱት አብዛኛውን ጊዜ እናቶችና ሴቶች ልጆች ስለሆኑ ደግሞ ምርጫው ከእነርሱ ጋር ሳይመከር ማለቅ የለበትም፤ እንደ ቤትህ ኑር እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር የሚለውን ምክርም ከሴራሚክ መደብር በር ላይ ማስታወስ ይበጃል። ወለል ሊያሠራ የተነሣ ሰው ሙሌቱን ከጠቀጠቀ በኋላ አንድ ክረምት ዝናብ ያስጠጣው፤ የሰመጠውን ይሙላ፤ ሴራሚኩን ከዚያ በኋላ ይግዛ።